ያለ ብክነት ኮረንቲ የሚያሳልፈው ሽቦ የት ደረሰ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ሥራዬ የቤት መብራት መስመር ዝርጋታና ጥገና ነው። ሰሞኑን ጓደኛዬ በስልኩ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። በክፍል ሙቀት ምንም ሬዚስታንስ የሌለው ሽቦ ተገኘ ይላል። አንድ ነገር ማግኔት ላይ ሲንሳፈፍም ያሳያል። እውነት ነው? ከሆነ ከግድቡ የሚመጣው ኮረንቲ ምንም ሳይባክን ጎንደር ይደርሳል ማለት ነው? የመብራት መጥፋቱስ ነገር ይቀራል? ደግሞ ኮረንቲው ምንም ሳይሰጡት ዝም ብሎ ለዘላለም ይዞራል ይላሉ። እኔ የማውቀው በነፃ የሚገኝ ነገር እንደሌለ ነው። የመዳብ ሽቦ ዋጋ እንዲህ ሲሰቀል ወሬው ያጓጓል። እባክዎ ያስረዱን።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ሽቦ በእጁ የሚይዝ ሰው ጥያቄ ነው። ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ። በክፍል ሙቀትና በተለመደው የአየር ግፊት የሚሠራ ሱፐርኮንዳክተር፣ ማለትም ኮረንቲን ያለ ምንም ሬዚስታንስ የሚያሳልፍ ቁስ፣ እስካሁን አልተገኘም። ተገኘ የተባለበት ጊዜ ግን አለ፣ ያውም ደጋግሞ። እውነተኛው ሥራ ደግሞ ከወሬው ጎን ለጎን በጸጥታ ብዙ ርቀት ሄዷል። ሁለቱን ለይቼ ላሳይህ እሞክራለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከምታውቀው እንነሳ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በቀጭን ሽቦ ብታገናኝ ሽቦው ይግላል። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። በ220 ቮልት ስታሰላው 16 አምፔር ያህል ነው። ኤሌክትሮኖቹ በብረቱ ውስጥ ሲያልፉ ከሚንቀጠቀጡት አተሞችና ከባዕድ ቅንጣቶች ጋር ይጋጫሉ። በየግጭቱ ጉልበት ይጥላሉ፣ ያ ጉልበት ሙቀት ይሆናል። ሬዚስታንስ የምንለው ይህንኑ ነው። ምጣዱ ውስጥ እንጀራ ያበስላል። ግድግዳ ውስጥ ግን ኪሳራ ነው፣ ሲብስ ደግሞ እሳት ያስነሳል። ምጣድህን ከሱፐርኮንዳክተር ብትሠራው አንድም እንጀራ አይወጣልህም።

በ1911 ሃይክ ካመርሊንግ ኦነስ የተባለ ሆላንዳዊ ሜርኩሪን በጣም አቀዘቀዘ። ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ሬዚስታንሱ ድንገት ጠፋ። አነሰ ማለቴ አይደለም። መሣሪያው ምንም ማንበብ አቃተው። በኋላ የተሠሩት ልኬቶች የበለጠ ያስገርማሉ። ከሱፐርኮንዳክተር ሽቦ ቀለበት ሠርተህ ኮረንቲ ብታስጀምርበትና ምንጩን ብትነቅለው ኮረንቲው መዞሩን ይቀጥላል። ከልኬቱ ተነስተው ሲያሰሉት ቢያንስ 100,000 ዓመት ሊዞር እንደሚችል አገኙ። በሐኪም ቤት ያለው የኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየው መሣሪያ) ማግኔትም እንዲሁ ነው። አንዴ ኮረንቲ ከተሞላ በኋላ ምንጩ ይነቀላል፣ ማግኔቱ ግን ለዓመታት እንደበራ ይቆያል።

«በነፃ የሚገኝ ነገር የለም» ያልከው ልክ ነው፤ እዚህም አልተጣሰም። ቀለበቱ ውስጥ ያለው ጉልበት መጀመሪያ አንተ የሰጠኸው ነው። የሚያባክነው ነገር ስለሌለ ብቻ ይቀመጣል። ከእሱ አምፖል ላብራ ካልክ ኮረንቲው ወዲያው ይወርዳል። እሱን ለማቀዝቀዝ የሚሠራው ሞተር ደግሞ ቆጣሪህን በደንብ ያስሮጠዋል።

ሬዚስታንሱ ለምን ይጠፋል? መልሱ እስኪገኝ ወደ ሃምሳ ዓመት ፈጅቷል። በ1957 ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን አብራሩት። አንድ ኤሌክትሮን ሲያልፍ አዎንታዊዎቹ አተሞች በጥቂቱ ወደ እሱ ይሳባሉ። የተሳቡበት ቦታ ለአፍታ የበለጠ አዎንታዊ ይሆንና ሌላ ኤሌክትሮን ይስባል። በተፈጥሯቸው የሚገፋፉት ኤሌክትሮኖች በዚህ መንገድ ጥንድ ይሆናሉ። ጥንዶቹ ደግሞ ሁሉም በአንድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። በጥምቀት ሰሞን ፒያሳ ላይ ያለውን ግፊያ አስብ። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ስለሚሄድ ይጋጫል። ከዚያ ወረብ የሚያቀርቡትን ካህናት እይ። አንድ ምት፣ አንድ እርምጃ ነው። ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ገፍተህ ከዜማው ማስወጣት ይከብዳል፤ ያሉት እንደ አንድ አካል ሆነው ነው። ጥንዶቹም እንደዚያ ናቸው። ትንሽ ግጭት ከሰልፉ አያስወጣቸውም። ሙቀት ሲጨምር ግን ጥንዱ ይፈታል፣ ኤሌክትሮኖቹም ወደ ግፊያቸው ይመለሳሉ። የጨዋታው ሁሉ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው፦ ጥንዱ ሳይፈታ ምን ያህል ሙቀት ይችላል?

ለረጅም ጊዜ የተገኘው ሁሉ በፈሳሽ ሂሊየም ብቻ የሚሠራ ነበር። ሂሊየም ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም። በ1986 ግን ቤድኖርዝና ሙለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። ብረት አልነበረም። መዳብና ኦክስጅን ያለበት ሸክላ መሰል ነገር ነበር። በዓመቱ ሌሎች ኢትሪየም፣ ባሪየም፣ መዳብና ኦክስጅን ቀላቅለው ከዜሮ በታች 181 ዲግሪ አካባቢ የሚሠራ ሠሩ። ይህ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው። ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚፈላው ከዜሮ በታች 196 ላይ ነው። ስለዚህ ሂሊየም ቀረ፣ ናይትሮጅን በቃ። ናይትሮጅን ከአየር የሚወጣ ነገር ነው። አገራችንም ውስጥ አለ፤ የከብት አዳቃዮች የኮርማ ዘር የሚያቆዩበት በርሜል መሰል ዕቃ ውስጥ የሚጨስ የሚመስለው ያ ፈሳሽ ነው። እንዲያውም ጎንደር ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር ስለሚበልጥ እዚህ ናይትሮጅን ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከዜሮ በታች 198 አካባቢ ይፈላል። ሽሮ ወጥ እዚህ ከመተማ ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለው በምን ምክንያት ከሆነ ይህም በዚያው ምክንያት ነው። ለእኛ ሁለት ዲግሪ ተጨማሪ ብርድ በነፃ ነው።

አሠራሩም ሩቅ አይደለም። ዱቄቶቹ ይለካሉ፣ ይፈጫሉ፣ ይጠፈጠፋሉ፤ ከ900 ዲግሪ በላይ ይተኮሳሉ፤ ከዚያ ኦክስጅን እየተሰጣቸው ቀስ ብለው ይቀዘቅዛሉ። ወለቃ ያሉ ሸክላ ሠሪ እናቶች ቢያዩት ገና ከሩቁ ሥራቸውን ያውቁታል። ችግሩም የሸክላ ችግር ነው። ይሰበራል። እንደ መዳብ ስበህ፣ አጥፈህ፣ ቱቦ ውስጥ አትከተውም። ከእሱ ሽቦ ለመሥራት ዓመታት የፈጀው ለዚህ ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

በተለመደው የአየር ግፊት ትልቁ ክብረ ወሰን ለረጅም ዓመታት የቆየው በ1993 በተገኘ ሜርኩሪ ባለበት የመዳብ ውህድ ነው። ከዜሮ በታች 138 ዲግሪ አካባቢ። እነዚህ የመዳብ ውህዶች ለምን እንዲህ እንደሚሠሩ ግን ዛሬም ስምምነት የለም። የ1957ቱ ማብራሪያ ለእነሱ አልበቃም። እኔ ራሴ የተማርኩት ይህንን ነው፤ የወጣትነት ዕድሜዬን የበላብኝ ጥያቄ ነው፣ አሁንም ይመላለስብኛል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ግፊት ዞረ። ሃይድሮጅን ቀላል አተም ነው፤ ቀላል አተም ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፤ ጥንዱንም አጥብቆ ያስራል ተብሎ ታሰበ። በ2015 ጀርመን፣ ማይንስ ውስጥ ሰልፈርና ሃይድሮጅን ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ላይ ሱፐርኮንዳክተር ሆኑ። በ2019 ደግሞ ላንታነምና ሃይድሮጅን ከዜሮ በታች 23 አካባቢ ደረሱ። የቤትህ ፍሪዘር ከሚያወርደው ብዙ አይርቅም። እዚህ ላይ ግን ዓይንህን ክፈት። ግፊቱ ከምንተነፍሰው አየር 1.7 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል። ያ ግፊት የሚገኘው ሁለት የአልማዝ ጫፎች መካከል ብቻ ነው። የሚለካው ነገር መጠኑ ከፀጉር ውፍረት የማይበልጥ ነው። አልማዙን ስትለቀው ነገሩ ያበቃል። ትልቅ ሳይንስ ነው፤ ሽቦ ግን አይደለም። ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች ሙቀቱን ይናገራሉ፣ ግፊቱን ይውጡታል።

አሁን ወደ ወሬዎቹ። በ2020 አሜሪካ፣ ሮቼስተር ያለ አንድ ቡድን በ15 ዲግሪ ሙቀት አገኘሁ ብሎ በታዋቂው ኔቸር መጽሔት ላይ አወጣ። ሌሎች ሊደግሙት አልቻሉም፤ በ2022 ጽሑፉ ተሰረዘ። ይኸው ቡድን በ2023 መጋቢት ላይ ሌላ ይዞ መጣ። በ21 ዲግሪ፣ ያውም በጣም አነስ ባለ ግፊት። ይህም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተሰረዘ። ዩኒቨርሲቲው ያስመረመራቸው የውጭ ባለሙያዎች መረጃው ተፈጥሯል፣ ተዛብቷል ብለው ደመደሙ። ይህን ስጽፍ አዝናለሁ። አንድ የተፈጠረ ቁጥር በየአገሩ የስንት ተማሪ ዓመት እንደሚበላ አውቃለሁ።

ጓደኛህ ያሳየህ ግን የመሰለኝ ሌላው ነው። በ2023 ሐምሌ ላይ ደቡብ ኮሪያውያን ኤልኬ 99 የሚባል ነገር አወጡ። ስሙ የሁለት ተመራማሪዎች ስም መነሻና 1999 ዓመት ነው። እርሳስ፣ ፎስፈረስ፣ ኦክስጅንና ትንሽ መዳብ ነው። በተራ የአየር ግፊት፣ እስከ 127 ዲግሪ ድረስ ይሠራል አሉ። ቪዲዮው ላይ ጥቁር ቁራጭ ማግኔት ላይ ግማሹ ተነስቶ ይታያል። ዓለም ታመሰ። ቻይና፣ ሕንድ፣ ጀርመን፣ አሜሪካ፣ ሁሉም ምድጃውን ለኮሰ።

መልሱ በሳምንታት ውስጥ መጣ፤ እኔን የሚማርከኝም ይህ ክፍል ነው። ቁራጩ ንጹሕ አልነበረም። ሲሠራ የመዳብና የሰልፈር ውህድ ገብቶበታል። ያ ውህድ በ104 ዲግሪ አካባቢ ውስጣዊ አደረጃጀቱን ይቀይራል፤ ሲቀይር ሬዚስታንሱ በአንዴ ይወድቃል። ከሩቅ ለሚያይ ሱፐርኮንዳክተር ይመስላል። በጀርመን ሽቱትጋርት ያሉ ተመራማሪዎች ንጹሑን ክሪስታል አሳደጉ። ሐምራዊና ብርሃን የሚያሳልፍ ሆነ። ሬዚስታንሱም በሚሊዮን ኦም የሚቆጠር። አንተ በቋንቋህ ኢንሱሌተር፣ ኮረንቲ የማያሳልፍ፣ ትለዋለህ። ግማሹ መነሳቱስ? ውስጡ ትንሽ እንደ ብረት በማግኔት የሚሳብ ነገር ስለነበረበት ነው። ኮሪያውያኑ አታለሉ ማለቴ አይደለም፤ ቸኮሉ እንጂ።

እውነተኛ ሱፐርኮንዳክተር ማግኔት ላይ የሚያሳየው ጠባይ የተለየ ነው። በ1933 ማይስነርና ኦክሰንፌልድ አገኙት። ቀዝቅዞ ሱፐርኮንዳክተር ሲሆን በውስጡ የነበረውን የማግኔት መስክ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ሬዚስታንስ መጥፋቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሁለቱም ባንድ ሙቀት ላይ አብረው መታየት አለባቸው። ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ቤተ ሙከራ፣ ሌላ ሰው፣ በሌላ እጅ ሲደግመው ነው። ከዚህ በኋላ ቪዲዮ ሲላክልህ ስንት ዲግሪ ላይ፣ በምን ግፊት፣ ማን ደገመው ብለህ ጠይቅ።

አሁን ደስ የሚለኝን ላውራህ። በዚያው በ2023 ሐምሌ፣ ሁሉም ኤልኬ 99 ላይ ሲረባረብ፣ ቻይና ውስጥ አንድ ቡድን ላንታነም፣ ኒኬልና ኦክስጅን ያለበት ክሪስታል ከዜሮ በታች 193 ዲግሪ ላይ የሱፐርኮንዳክተር ምልክት እንዳሳየ አሳተመ። በመዳብ ፋንታ ኒኬል መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። የመዳቡን እንቆቅልሽ ከሌላ አቅጣጫ የሚያሳይ መስኮት ተከፈተ። ግፊቱ ግን አሁንም ከአየር 140,000 እጥፍ ያህል ነበር።

ከዚያ ምን አደረጉ መሰለህ? በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ፣ አሜሪካ ስታንፎርድና ቻይና ያሉ ቡድኖች ያንኑ ነገር በጣም ስስ አድርገው በሌላ ክሪስታል ወለል ላይ አሳደጉት። የወለሉ አተሞች ከእሱ ይልቅ ይበልጥ የተቀራረቡ ናቸው። ላዩ ላይ የሚያድገውም ከወለሉ ጋር ለመገጣጠም ይጨመቃል። ታክሲ ውስጥ ለሦስት ሰው ወንበር አራተኛ ሲጨመር «ጠጋ ጠጋ በሉ» እንደሚባለው ነው። መጨመቁ ሁለት በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ግን በቃ። አልማዝ ሳያስፈልግ፣ በተራ የአየር ግፊት፣ ከዜሮ በታች 233 ዲግሪ አካባቢ ላይ ሬዚስታንሱ መውደቅ ጀመረ። ቁጥሩ ከመዳቡ በጣም ያንሳል፤ ለዚህ ነው ዜና ያልሆነው። እኔ ግን ካለፉት ጥቂት ዓመታት አንድ ሥራ ምረጥ ብትለኝ ይህንን ነው የምመርጠው። ግፊትን ከውጭ ከመጫን ይልቅ ከራሱ ከቁሱ አሠራር ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷልና። ሌሎችም ደግመውታል።

በ2025 የፊዚክስ ኖቤልም ከዚሁ ቤት ነው የወጣው። ጆን ክላርክ፣ ሚሼል ዴቮሬና ጆን ማርቲኒስ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከሱፐርኮንዳክተር በሠሩት የኤሌክትሪክ ዑደት ነው የተሸለሙት። በእጅ ሊያዝ የሚችል ትልቅ ዑደት የአተም ዓይነት ጠባይ እንደሚያሳይ አረጋገጡ። ዛሬ ኳንተም ኮምፒውተር ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሽቦውስ? ያ ተሰባሪ ሸክላ ዛሬ ጥብጣብ ሆኗል። ቀጭን የብረት ጥብጣብ ላይ አንድ ሁለት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ውፍረት ብቻ ያለው ንጣፍ ይደረግበታል፣ ከላዩ መዳብና ብር ይለበሳል። ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ ውፍረቱ የወረቀት ያህል ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከ100 አምፔር በላይ ይሸከማል። አንተ ለሶኬት የምትዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ 20 አምፔር አካባቢ ነው የሚችለው። ወሰን ግን አለው። ኮረንቲው ወይም የማግኔት መስኩ ከልክ ሲያልፍ ጥንዶቹ ይፈታሉ፣ በድንገት ሬዚስታንስ ይመለሳል፣ ጥንቃቄ ከሌለ ይቃጠላል። በ2021 መስከረም አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ጥብጣብ የተጠቀለለ ትልቅ ማግኔት 20 ቴስላ ደረሰ፤ ከምድር መስክ ወደ 400,000 እጥፍ ማለት ነው። ዓላማው እንደ ፀሐይ አተምን አዋህዶ ኃይል ማመንጨት ነው። የጥብጣቡ ፋብሪካዎች እየሰፉ የመጡት ይህን የመሰለ ፍላጎት ስለመጣ ነው።

ወደ ጎንደር እንምጣ። ከግድቡ እስከዚህ የሱፐርኮንዳክተር መስመር? በቅርቡ አይሆንም፣ ለእኛም የሚያዋጣ አይመስለኝም። ረጅሙን ርቀት የምናቋርጠው ቮልቴጁን ከፍ በማድረግ ነው። ቮልቴጅ እጥፍ ሲሆን ኮረንቲው በግማሽ ይቀንሳል፣ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለዚህ ነው መስመሮቹ 400 እና 500 ኪሎቮልት የሆኑት። ወደ ኬንያ የሚሄደው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መስመርም በ500 ኪሎቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው የሚሠራው። በሱፐርኮንዳክተር ልሥራው ካልክ በየቦታው የናይትሮጅን ማቀዝቀዣ ጣቢያ ያስፈልግሃል። እስካሁን የተዘረጉት ኬብሎች አጫጭር ናቸው። ጀርመን፣ ኤሰን ከተማ በ2014 አንድ ኪሎ ሜትር። ሻንጋይ በ2021 አንድ ነጥብ ሁለት ኪሎ ሜትር። የሚዘረጉትም መሬቱ በጣም በጠበበበት፣ ትልቅ ከተማ መሐል ነው።

መብራት መጥፋቱን በተመለከተ ያንተ እጅ ከእኔ ሳይንስ ይበልጣል። መብራት የሚጠፋው መዳብ ሬዚስታንስ ስላለው አይደለም። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር፣ የዘመመ ምሰሶ፣ የላላና የዛገ መጋጠሚያ፣ ዝናብና ንፋስ ናቸው። አንድ የላላ መጋጠሚያ ላይ የሚባክነው ሙቀት ከሜትሮች ሽቦ ይበልጣል። ይህን አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። መዳብህን ግዛ፣ ውፍረቱንም አትቀንስ።

ለሐኪም ቤቶቻችን ግን ትልቅ ነገር አለ። የተለመደው ኤምአርአይ ከ1,000 ሊትር በላይ ፈሳሽ ሂሊየም ይፈልጋል። አዳዲሶቹ ውስጥ ተዘግቶ የሚቀመጥ 7 ሊትር ያህል የሚበቃቸው አሉ። ሂሊየም ከባሕር ማዶ ለሚያስመጣ አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከሁሉም ምርምር መጀመሪያ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ይህ ይመስለኛል።

በመጨረሻ፣ በዓይንህ ማየት ከፈለግህ እዚሁ ይቻላል። ከዓመታት በፊት ለተማሪዎች ለማሳየት ከአንድ አዳቃይ ሁለት ሊትር ናይትሮጅን ለምኜ ነበር። የሳንቲም ያህል ጥቁር የሱፐርኮንዳክተር ሸክላ ቁራጭ በስታይሮፎም ኩባያ ውስጥ አደረግን፣ ናይትሮጅን አፈሰስንበት። መፍላቱ ጋብ ሲል ትንሽ ማግኔት ላዩ ላይ አስቀመጥን። ምንም ሳይነካው ቆመ። በጣት ሲነኩት ዞረ። መስኮት ከፍተን ነው የሠራነው፤ ናይትሮጅን በዝግ ክፍል ውስጥ አየሩን ይተካና ያፍናል። ክዳኑንም ግጥም አድርጎ መዝጋት አይገባም፣ ይፈነዳል። እጅም ያቃጥላል።

መልቲሜትርህን ይዘህ ብትመጣ አንድ ነገር አሳይሃለሁ። ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ ስታነካካቸው ዜሮ አይልም፣ 0.2 ወይም 0.3 ኦም ይላል። የራሱን ገመድ እየለካ ነው። በሁለት ገመድ ሱፐርኮንዳክተርን ብትለካ ያንኑ ያሳይሃል። ስለዚህ አራት ገመድ እንጠቀማለን። በሁለቱ ኮረንቲ እናስገባለን፣ በሌሎቹ ሁለት መካከል ቮልቴጁን ብቻ እናነባለን። ገመዶቹ ላይ የሚጠፋው ከሂሳቡ ይወጣል። መጀመሪያ በክፍል ሙቀት እንለካው፣ ከዚያ ናይትሮጅኑን እናፍስስ፤ ቁጥሩን አንተ ጮክ ብለህ ታነብልኛለህ።